ክር ያስገባሁት እኔ ነኝ

ኑራታ ነው አገሩ፤ ከበረሃው ጫፍ ላይ፣
ምንጭ አለ፣ ዓሣው የማይበላ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ የሚያይ።
ከምንጩ ሦስተኛው በር፣ ሰማያዊ ቀለሙ የተላጠ፣
የእኛ ቤት ነው፤ እናቴ ከሄደች ዝም ብሎ የተቀመጠ።

ያኔ እህቴ ሆሲያት ገና ዐሥራ አንድ ዓመቷ፣
የሰርግ ጥልፏ ግን ተጀምሯል፤ ጀምራላት ነበር እናቷ።

ሱዛኒ እንለዋለን፤ ሴት ልጅ ስትወለድ ይጀመራል፣
ሙሽራ ስትሆን ከራሷ በላይ በአራት ሰው እጅ ይወጠራል።
አራት ቁራጭ ጨርቅ ነው፤ አራት ሴት ለየብቻ የምትጠልፈው፣
አንዷ በጓዳ፣ አንዷ በደጅ፣ በየልቧ ልክ የምትሰፋው።
ኋላ ሲጋጠም ታዲያ ሮማን ከሮማኑ አይገጥም፣
ግማሹ ሽቅብ፣ ግማሹ ቁልቁል። በዚህ ማንም አይቆጣም።

ሦስቱ አልቋል። አራተኛው፣ የእናቴ ድርሻ፣
መርፌው እንደተሰካ ሳጥን ገባ፣ ከአንድ ቅጠል መጨረሻ።

አክስቴ ሻሮፋት፦ "ቡኻራ በማሽን ይጠልፋሉ፤ ዋጋውም ብዙ አይደለ።"
አባቴ ሻዩን ጨልጦ ፒያላውን ደፋ፤ ምንም አላለ።

አባቴ ኖርሙሮድ የካማዝ ሐኪም ነው፤ ጥፍሩ ሥር ግራሶ፣
በሳሙናም በአሸዋም ቢሉት የማይለቅ ጨርሶ።
በረዶ በጣለ ሌሊት ቀሰቀሰኝ፤ ሰባት ዓመቴ ነው፤
"ዓይኔ አላይ አለኝ፣ ልጄ፤ ክሩን በቀዳዳው አስገባው።"
እጁን በነጭ ጋዝ አሽቷል፣ በዱቄት ደግሞ አድርቋል፣
ጨርቁን እንደ ታመመ ሕፃን ጭኑ ላይ አስቀምጧል።
ክሩን በምላሴ አርጥቤ አስገባሁ፤ ቀይ ሐር ነበረ።
"ለማንም" አለኝ።
ያ ሌሊት ስምንት ዓመት ኖረ።

ጎረቤት መብራቱን እያየ "ኖርሙሮድ መጠጥ ጀመረ" አለ፣
ኢማሙ ሳይቀር መጥቶ መከረው፤ "እሺ" አለ፤ ቀጠለ።

የመጀመሪያው ቅጠል ጆሮ መሰለ። ፈታው።
ሁለተኛው ፒንሳ ሆነ። "ይህንስ አውቀዋለሁ" አለና ተወው።
ሐሩ ሲበጠስ ይሳደባል፣ ለሞተር የሚለውን ስድብ፣
ከዚያ ወደ ሳጥኑ ዞሮ ይቅርታ ይላል፣ በአደብ።
የእናቴን ቅጠል ግን አልነካም፤ ዙሪያውን ብቻ ሞላው፣
የዛገች መርፌዋ እዚያው ነች፤ እሱ በሌላ መርፌ ሠራው።

የሰርጉ ማለዳ፣ ካርናይ ሲጮህ፣ ፕሎቩ በጎህ ሲወጣ፣
ሴቶቹ ሱዛኒውን ዘረጉት፤ ከቤቱ ድምፅ ታጣ።
አንዷ ሳቀች። አንዷ "በርበሬ ነው ወይስ ካንዴላ?" አለች።
ሻሮፋት መነጽሯን አድርጋ ስፌቱን በጣቷ ተከተለች፤
አፍንጫዋ ድረስ አስጠጋችው። አሸተተች። ነጭ ጋዝ።
አባቴ በሩ ላይ ቆሟል፣ ቆቡን በእጁ ይዞ፣ ሲፈዝ።

"መቀስ!" አለች አንዷ፤ "ሰው ሳይመጣ ይፈታ!"
ሻሮፋት መቀሱን ተቀብላ ከቀሚሷ ሥር ከታ፣
"የእኔስ ሮማን መቼ ገጠመ?" አለች፤
ጨርቁን በአራት እጅ አስነሣች።

ሙሽራዋ ከሥሩ ቀና ስትል የጥልፉን ጀርባ አየች፤
ቋጠሮው ጭነት የሚታሰርበት ነው፤ የማን እንደሆነ ለየች።
ምንም አልተናገረችም። አንገቷን ብቻ ወደ በሩ አዞረች።

ባለፈው ወር ከናቮይ ደወለች፤ ሴት ልጅ ወልዳለች፣ ሦስት ኪሎ፤
"አንዱን ቁራጭ ለአባባ ስጠው፤ እንዳይመልሰው አልችልም ብሎ።"
ነገርኩት። ዓይኑ አሁን ከጥላ በቀር አይለይም፣
ሰውን በእርምጃው እንጂ በመልኩ አያውቅም።
"ክሩን አንተ ታስገባለህ" አለ፤ ሌላ ነገር አላነሣ፣
ነጭ ጋዙን ፍለጋ፣ ግድግዳ እየዳሰሰ፣ ተነሣ።