ባለቤት የሌለው ዐረፍተ ነገር

ራስ አል ኸይማ ላይ፣ ከዓሣ ገበያው ጓሮ፣
አራተኛ ፎቅ ነው የታይሲያ ኑሮ።
ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ዕረፍቴን ቆጥሬ፣
አሳንሰር ሲበላሽ በደረጃው ዞሬ፣
እወጣለሁ ወደ እሷ። ግንባሯ ላይ ሰቅላ
መነጽር ታሳድዳለች፣ ወረቀቱን ፈንቅላ።

አርባ ዓመት ሆኗታል ስትፈታ፣ ስታስር
የሩስን፣ የቼክን፣ የሰርብን ሰዋስው ከሥር፤
አሁን ከጎናቸው አማርኛን ልታይ ፈልጋ
አገኘችኝ አትክልት ሱቅ፣ በድንች ዋጋ ስዋጋ።
«በሰዓት ሃምሳ ድርሃም፤ ሥራሽ ቀላል ነገር፦
ይባላል፣ አይባልም፣ ብሎ መናገር።»

ስሜን ስነግራት ግን እስክሪብቶዋ ቆመ።
«ይመኙሻል? ባለቤት፣ ግስ፣ ተሳቢ በአንድ ቃል ታደመ!
የሚመኙሽ እነማን ናቸው?» አለችኝ በደስታ።
«እንጃ፤ እስካሁን አልመጡም» አልኳት በፈገግታ።
በምሠራበት ቤት «ሚሚ» ነኝ፤ ግስም ባለቤትም የለኝ፤
አንድ ፊደል ሁለቴ፣ ጓዳ ድረስ የሚሰማ፣ ብለው የሰጡኝ።

የማይባለው ፊት ኮከብ ታኖራለች።
«ረሃብ ራበኝ?» አይባልም። ኮከብ። ትስቃለች።
«ደከመኝ ስትዪስ፣ ባለቤቱ ማነው?
ማን አደከመሽ?» ማንም፤ ዝም ብሎ የሚመጣ ነው።
(አድካሚዬን አውቀዋለሁ፤ የጠየቀችኝ ግን ስለ ግስ ነው።)
«ገንዘብ አለኝ» ብላትም ደስታዋ ልክ የለው፤
«እናንተም እንደ እኛ! ሰው አይይዝም፤ ኗሪው ገንዘቡ ነው!»
ከልባችን ሳቅን፤ ሁለታችንም ዘንድ ያልኖረው እሱ ነው።

«ባለቤት የሌለው ዐረፍተ ነገር» ብላ በቀይ አሰመረች።
እኔ ግን ቃሉን ስገለብጥ እሷ ገጹን ገለበጠች፦
ባለቤት ማለት ባል፣ ባለቤት ማለት የቤት ጌታ፣
ባለቤት ማለት ደግሞ የግስ አለኝታ፤
ተሳቢ ማለት ግን፣ ስሙ እንደሚለው፣ የሚጎተት፣
ፓስፖርቱ በሰው መሳቢያ የሚከተት።

አንድ ዓርብ ባሕሩ ነጭ ነበር፣ አቧራ ጠጥቶ፤
ማቀዝቀዣው ባልዲ ላይ ያንጠባጥባል ታክቶ።
«ስሚ» አለች፤ «ወንድ ልጅ ሲኖር ‹ሲን› ይባላል፤
የሌለ እንደሆነ ‹ሲና ኔት›፤ ጫፉ ይለወጣል።
የሌለ ነገር በእኛ ባለቤት መሆን ያቆማል፤
‹የልጅ የለም› እንደማለት። ‹የ› ብቻ ይተርፋል።»
ዛፍ ሣለች፣ ሥሩ ሰማይ፣ ቅርንጫፉ ምድር፤
አንዱ ጫፍ ላይ ባዶ ክብ፤ እጇ ቆመ እዚያ ዳር።

«እናንተስ?» አለችኝ።
«ልጄ የለም» አልኳት፤ ልጄ ልጄ ነው፣ ጫፉ አይነካም።
ደግሞ «የለም» ብለን እዚያ ላይ አናበቃም፤
«ልጄ ናፈቀኝ» እንላለን።
እስክሪብቶ አነሣች። «ባለቤቱ ማነው?»
ልጄ።
«የሌለው?»
የሌለው። አድራጊው እሱ ነው።
እኔ ተሳቢዋ ነኝ፣ ተቀምጬ የሚደረግብኝ፤
እሱ ባለበት ሆኖ ይሠራል፤ ዓርብ እንኳ አያሳርፈኝ።

የማን ልጅ እንደሆነ አልጠየቀችኝም።
እኔም አልጠየቅኋትም።
ብዙ ቆይታ፣ በተንጋደደ የእኛ ፊደል፣
«ሲን ናፈቀኝ» ጻፈች። እስክሪብቶዋን ከፊቱ አቆመች፣ ኮከቡን ልትጥል።
«ይባላል?»
ይባላል።

ብር ስትቆጥር አሥር ድርሃም አበዛች፣ ተሳስታ፤
መለስኩላት። መነጽሯን ትፈልግ ጀመር፣ ግንባሯ ላይ ትታ።
ደረጃው ላይ ስልኬ ጮኸ፤ «ሚሚ፣ የት ነሽ?» ይላል።
«መጣሁ!» አልኩ፣ ሳልነቃነቅ። በእኛ እንዲህም ይባላል፤
ግሱ ደርሷል፤ እግሬ ገና አራተኛ ፎቅ ቆሟል።
ይሄንን ለሚመጣው ዓርብ ያዝኩላት።