አምስት የወርቅ አይጦች

አሽዶድ፤ ሌሊት ዘጠኝ። ከወደቡ በኩል
ክሬኑ ብረት ይዞ ይወርዳል፣ ይወጣል።
እኔ ምድር ቤት ነኝ፤ ደም በጠርሙስ ሞልቶ
በሚሞቅበት ክፍል፣ መብራት ዐይኔን ወግቶ።

ማሽኑ ድንገት ጮኸ፤ አንዱ ጠርሙስ ነቃ።
በቅሎበታል ማለት ነው፤ ጥርጣሬ አበቃ።

የኒር ደም ነው፤ ኒር፣ የሃያ ሦስት ዓመቱ፣
ከጦሩ ተሰናብቶ ሕንድ ነበር ስደቱ፣
ያውም በፈቃዱ!
ወንዝ ዳር አንድ ብርጭቆ፣ በረዶ ያለበት
የማንጎ ጭማቂ፤ ሌላ ወንጀል የለበት።

ከሰው ዐይነ ምድር ወደ ውሃ፣ ከውሃ ወደ አፍ፤
መንገዱ ይኸው ነው፤ አይበርም፣ የለው ክንፍ።
ሆድ ገብቶ አይቸኩልም። የአንጀትን ግንብ ያልፋል፤
ሊውጠው የመጣ ዘብ ሲያገኝ ይዋጥለታል፤
በዘቡ ሆድ ተሸሽጎ ጣፊያ፣ ጉበት ይደርሳል፣
መቅኔ ውስጥ ይራባል።
ትኩሳቱ ደረጃ ነው፤ በየቀኑ አንድ ይወጣል።
ራስ ይፈልጣል፤ ሆድ ላይ ሮዝ ነጠብጣብ ይታያል፤
ሰው ከሌለ ሰው ጋር ሌሊቱን ያወራል።
በሦስተኛው ሳምንት አንጀት ይሳሳል፣ ይበሳል።
አንዳንዱ ደግሞ ድኖ፣ ሐሞቱ ውስጥ ደብቆት፣
ለዓመታት ለሌላው ያድላል፣ ሳይታወቅበት።

ለዶክተር ላሪሳ ደወልኩ። በሩሲያ ዕብራይስጧ፣
«ሴፍትሪያክሶን በደም ሥር፤ ኋላ የሚዋጥ።
የትኛው እንደሚገድለው ፈትሺልኝ፤
የሕንዱ ለብዙው መድኃኒት ለምዷል» አለችኝ።

ስሙን መዝገብ ላይ ስጽፍ እጄ ቆመ።
ወንድሜ ፈጠነ
ገዳሪፍ፣ ድንኳን ውስጥ፣ በስድስት ዓመቱ ታመመ።
የምንቀዳው ጉድጓድ ከመፀዳጃው ጎን ነበረ፤
እናቴ «ተስቦ» አለችው፤ ያየው ሐኪም አልነበረ።
መድኃኒቱ ያኔም በዓለም ላይ ነበረ፤
የእኛ ድንኳን ጋ ሳይደርስ ቀረ።

አሽዶድ ግን የቆየ የሕመም ታሪክ አላት።
ታቦት ማርካ ወስዳ ጣዖቷ ፊት ያቆመች ዕለት
(አባቴ ከሳሙኤል መጽሐፍ እንዳነበበልን)
እባጭ ወረደባት፣ አይጥ ወረራት።
ጠቢባኑ መከሩ፦ «አምስት የወርቅ እባጭ፣ አምስት የወርቅ አይጥ
ሠርታችሁ ስደዱ፣ መቅሠፍቱ እንዲቆረጥ።»
ያ ሕመም ቸነፈር ይሁን አይሁን፣ አልምልም።
ግን ሞኞች አልነበሩም፤
አይጧን ጠርጥረዋል። አይጧ ላይ ያለችውን ማንም አላየም፤
ለቁንጫ ወርቅ ያፈሰሰ የለም።

ቁንጫ የታመመች አይጥ ደም ትጠጣለች፤
ባክቴሪያው ጉሮሮዋን ይደፍናል፣ ትራባለች።
ብትመጥ አይወርድላት። አይጧ ስትሞትባት ሰው ላይ ትዘላለች፣
ነክሳ፣ ያነቃትን ቁስሉ ውስጥ ትተፋለች።
ብብት ወይ ብሽሽት እንቁላል አክሎ ያብጣል፤
ሳንባ ከደረሰ ቁንጫም አያስፈልገው፣ ሳል ይበቃዋል፤
ያን ጊዜ ቀን ቀርቶ ሰዓት ይቆጠራል።
ስትሬፕቶማይሲን፣ ጄንታሚሲን፣ ዶክሲሳይክሊን፦
ቀድሞ የደረሰ ይተርፋል።

የወደቡ አይጥ አጥማጅ፣ ያኮቭ ኦሃዮን፣
ማለዳ በር ላይ ሲያገኘኝ ከረጢቱን ያነሣል፤
«ዛሬ አምስት ያዝኩ፤ ወርቅ ግን አንዷም የለችም» ይላል።

ከዚያ ሁሉ ታሪክ እኔን የያዙኝ ላሞቹ ናቸው፤
ሠረገላውን የሳቡት፣ ጥጃ ቤት ተዘግቶባቸው፣
«እምቧ» እያሉ የሄዱት፣ ቀኝም ግራም ሳይሉ።
እናቴም ጉድጓዱን በእጇ አሸዋ አለበሰችው፤
ሌሊት መኪናው መጣ፤ ተሳፈረች፤ ዞራ አላየችው።

ንጋት ላይ ቤቷ ገባሁ፣ ሦስተኛ ፎቅ።
ድስቱ ተጥዷል። አርባ ዓመት የአሽዶድን ቧንቧ አላመነችም።
ንጹሕ ነው፣ ማዘጋጃ ቤቱ ይመረምረዋል፣ እያልኩ ስንቴ ተከራከርኳት!
ዛሬ ምንም አላልኩም።
«ምነው ዘገየሽ?»
«አንድ ልጅ ታሞ።»
«ይድናል?»
«ይድናል።»
ክዳኑን አነሣች፤ እንፋሎቱ ፊቷን ሸፈነው።
«ትንሽ ይፍላ» አለች።