ቁም ነገር

ኢድዋል ቀይ ፒክአፕ አይቶ ነበር፤ ጎማው እስከ ደረቱ፣
ገና ሲነሳ መስኮት የሚያንቀጠቅጥ ጩኸቱ።
«ይሄ ተራራ ይጎትታል» አለኝ፣ ዓይኑ እንደ ልጅ በርቶ፤
እኔ ያየሁት ዋጋውን ነው፣
ከመስታወቱ ጥግ፣ ተጽፎ፣ ደምቆ፣ ጎልቶ።

ጀልባችን መንታ ናት፤ ሁለት ሸንቃጣ ገላ፣
በአንድ ወለል የተጋመዱ፣
አንዷ የማትቀድም፣ አንዷም የማትቀር ኋላ።
ለመንገድ ስትሰናዳ ወገቧን ሰብስባ ትጠባለች፤
ባሕር ላይ የምትንጎማለለው፣ አስፋልት ላይ ታፍራለች።

ድንጋይ ማውጫው ዘንድ ወስደን ከነተጎታቿ አስመዘንናት፤
አሥራ ሁለት ኩንታል ሆና ቁጭ አለች።
«ፋብሪካው የጻፈው ስምንት ነው» ቢል ኢድዋል፣ ሚዛን ጠባቂው ሳቀ፤
«ፋብሪካው መልሕቅህን፣ ምድጃህን፣
ሚስትህ የጠቀጠቀችውን ጣሳ የት አወቀ?»
(አሥራ አንድ ጣሳ ባቄላ ነበር። አልተነፈስኩም።)

ግሊን ሠላሳ ዓመት ሙሉ መኪና ከቦይ አውጥቷል፤
ሰው ስለ ፈረስ ጉልበት ሲያወራ፣ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል።
«መጎተትማ» አለ፣ «ቁልቁለትም ይጎትታል።
አሥራ ሁለት ኩንታል ከጀርባህ እየገፋ ወደ ወደቡ ሲያወርድህ፣
ንገረኝ፣ ማነው የሚይዝህ?
ጉልበት ወሬ ነው፤ ሌላው ሁሉ ነገር፤
ማቆም ነው ቁም ነገር።»

ቀዩ ፒክአፕ ከኢድዋል ዓይን ቀስ ብሎ ወረደ።

የገዛናት ግራጫ ናት፤ የእንስሳት ሐኪም የነዳት፣
የረጠበ ውሻ ጠረን እስከ ዛሬ ያልለቀቃት።
ዓይን አትስብም፤ ግን ከጭነቷ ትከብዳለች፣
ተጎታች ጎታቹን እንዳይጎትት ረግጣ ትይዛለች።
በደብተሯ የተፈቀደላት አሥራ ስድስት ኩንታል፤
አራቱን ለክፉ ቀን ተውነው፣
የዌልስ ዝናብ ምን ይታወቃል።

በተጎታቹ ግን አልተከራከርንም፤ የራሱ ፍሬን ያለው፣
ዚንክ የጠጣ ብረት፣ ጨው ቢልሰው የማይበላው።
«ኩሽኔታው እንደጋለ ባሕር ውስጥ እንዳትነክሩት፣
ጨው ይጠጣባችኋል» አለ ግሊን።
«ቁጭ በሉ፣ ሳንድዊቻችሁን ብሉ፣ ይብረድ።»

ከዚያ የመታጠቢያ ቤት ሚዛኔን ጓሮ አውጥተን፣
የተጎታቹን አንገት በግንዲላ አሳረፍንበት።
ሃያ ኪሎ!
ሞተሩ ከኋላ ተንጠልጥሎ አፍንጫዋን ሰማይ ሰቅሎት።
እንዲህ ብንሄድ ጅራቷ ግራ ቀኝ ሲል ከመንገድ ያወጣናል።
ሞተሩን ፈትተን መኪናው ውስጥ፣ ጀልባዋን አንድ ክንድ ወደፊት፤
ሃምሳ፣ ስልሳ አምስት፣
ሰባ።
ሰባ ኪሎ ልክ ኢድዋል ነው፣ ከእራት በፊት።
«እንግዲያው» አልኩት፣ «አንተ መንጠቆው ላይ የተቀመጥክ ይመስለኛልና
ቀስ ብዬ ነው የምነዳው።»
ደስ አላለውም።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤
ቆመን ታጠቅን።
አራት ጠፍር፤ ከመንጠቆው ሥር ሁለት ሰንሰለት፣ የተመሳቀለ፤
ከደቀሏ ጫፍ ቀይ ጨርቅ።

ቅዳሜ ወጣን። ከሰፊው መንገድ የወተት ቦቴ ሲያልፈን፣
ነፋሱ በጎኑ መታን፤
መንታዎቹ በመስታወቱ ውስጥ ግራ፣ ቀኝ፣ እንደገና ግራ።
ኢድዋል የበሩን እጀታ ጨበጠ።
ፍሬን አልረገጥኩም። መሪውንም አልታገልኩትም።
እግሬን ብቻ ከነዳጁ አነሳሁ፣
ነገር ሲከር ንግግሩን እንደሚያቋርጥ ሰው፣
እሷም ቀስ በቀስ ዝም አለች።

ወደቡ ላይ፣ ኩሽኔታው እስኪበርድ፣ ሳንድዊች በላን፤
ከጣሳዎቹም አንዱን ከፈትኩ።
ኢድዋል የቀሩትን ቆጠራቸው።
ሁለት ጊዜ።

ከዚያ በአረንጓዴ ዝቃጭ በሚያዳልጠው ሲሚንቶ ወደ ኋላ ወረድን፤
ግራጫዋ ጎማዋን ተክላ ያዘች፣
መንታዎቹ ከብረቱ ተንሳፍፈው ወጡ፣ ወገባቸውን ዘረጉ።
ሸራውን ሰቀልን፤ ነፋሱ ጎተተን።
የእሱ ፍሬን የት እንደሆነ
ግሊንን አልጠየቅነውም ነበር።