አስተዳዳሪውን ጠይቂ

የኮምፒውተሩን ዳንቴል እኔው ነኝ የሠራሁት፤
ልጆች ሲተኙልኝ፣ ማታ ማታ ገልጬ
የዓሣ ሻጮቹን ሒሳብ የምጽፍበት፦
ቆሮሶ ስንት ኪሎ፣ አምባዛ ስንት ኪሎ፣
ማን ከፍሎ እንደሄደ፣ ማን እንደቀረ "ነገ" ብሎ።

ኅዳር ላይ፣ በእቁብ ብር፣ ማተሚያ ገዛሁ፣ ያገለገለ፤
ገመዱን ብሰካው አረንጓዴ በራ፤
ስክሪኑ ግን ጠቆረና አንድ ሳጥን ብቅ አለ፦

"ይህ ፕሮግራም ለውጥ ሊያደርግ ነው። ይፈቅዳሉ?
የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል ያስፈልጋል።"
ከሥሩ ስም አለ፣ አንድ ቃል ብቻ፦
ይበልጣል።

ባሌ ነው። የጀልባ መካኒክ። ያን ሰሞን
ጎርጎራ ወርዶ ነበር፣ ለተበላሸ ሞተር፤
ስልኩ ባሕር መሀል ኔትወርክ አይዝም፤
እኔ ሳጥኑ ፊት ቁጭ፣ እንደ ባለጉዳይ ቢሮ በር።

ስሙን ደጋግሜ አየሁት። እናቱ ስታወጣለት
ይህን ቀን አስባ አይመስለኝም፤
ግን ስክሪን ላይ፣ ያለ አባት ስም፣ ብቻውን ሲነበብ
ስም ብቻ አይደለም።

ክብራን ገብርኤል ትዝ አለኝ፣ ስለት ያደረስን ዕለት፤
ወንዶቹ ወረዱ፣ ሽቅብ ወጡ በዛፉ ጥላ፣
እኔና አማቴ ቀረን፣ ነጠላ ተከናንበን፣ ከጀልባው ኋላ።
ሥርዓት ነው፤ አልከፋኝም።
ውሃው ላይ ሰባት ይብራ ቆጠርኩ፤
ደወሉን ሰማሁ፣ የሚደወልበትን አላየሁም።
ይሄ ግን ገዳም አይደል፤
የሳሎኔ ጥግ ነው፤ ብድሩንም እኔ ነኝ የከፈልኩ።

ደግሞ ሳጥኑን ልጠላው አልችልም፤
አምና የእትዬ አዛለች ልጅ፣ ናሁሰናይ፣
"ጨዋታ ልጫንበት" ብሎ መጥቶ
የመጣውን ሁሉ "አዎ፣ አዎ" ሲል፣ ሳያነብ፣ ሳያይ፣
በሳምንቱ እምቦጭ በቀለበት፤
አንዱን መስኮት ስዘጋው አራት እየወለደ
የሦስት ወር ሒሳቤን ይዞብኝ ሄደ።

ጣናንስ ማን ጠየቀው?
"ለውጥ ላደርግ ነው፣ ትፈቅዳለህ ወይ?" የሚል
ሳጥን መች ወጣ ለባሕሩ?
ሐምራዊ አበባውን ደርድሮ፣ እንግዳ መስሎ ገባ፤
እኛ ነን እስከ ወገባችን ውሃ ውስጥ ቆመን
በእጃችን ስንነቅል የከረምን፣ ከነሥሩ።

በሦስተኛው ቀን ደወለ፣ ከሞተር ጩኸት ጋር እየታገለ፦
"ይሄን ሁሉ ቀን ምን አስጠበቀሽ?" አለ።
ነገረኝ፣ ቁጥር በቁጥር፤
የመጀመሪያ ጀልባው የሞተር ቁጥር።
ለካ አልደበቀኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም፤
እሱም ማንም ስላልጠየቀው አልተናገረም።

ስልኩን ሳልዘጋ፣ "ይበልጣል" አልኩት፣
"እኔንም አስተዳዳሪ ላድርገኝ እንዴ?"
ዝም አለ። ሞተሩ ብቻ ተንተከተከ።
"አድርጊዋ! ይሄንንም ታስፈቅጂኛለሽ እንዴ?"

አደረግኩት።
ሳጥኑ እንደገና መጣ፤ ከሥሩ የኔ ስም፦
ትብለጥ።
"ይፈቅዳሉ?"
እጄን ሰድጄ መልሼ ሰበሰብኩት።

ስዳር የተጠየቀው አባቴ ነው፤
ሽማግሌ ተደርድሮ፣ እኔ ጓዳ ሆኜ
መልሱን በግድግዳ ስንጥቅ ነው የሰማሁት።
ቤት ሸጠን ሰባታሚት ስንገባ፣
ሦስተኛው ልጅ ሲመጣ፣
"ትፈቅጃለሽ?" ያለኝ ሰው አላስታውስም።
አርባ አንድ ዓመቴ ነው፤
የጠየቀኝ ይሄ ሳጥን ነው፣ እሱም ፊት የለውም።

እና አልቸኮልኩም።
እያንዳንዱን ቃል አነበብኩ፣ እስከ ነጥቧ።
"አዎ" እና "አይ" ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣
ሁለቱም እኩል፣ ሁለቱም የኔ።
ከውጭ ውሻ ይጮሃል፤ መስኮቱ የባሕር ሽታ ያስገባል።
ማተሚያው አረንጓዴ ዓይኑን እያርገበገበ ይጠብቀኛል።

ይጠብቅ።