ማመልከቻው ውስጥ ያልገባ

ብቸና ፍርድ ቤት በር፣ ከብሳናው በታች፣
ጽሕፈት መኪናዬ ተጎልታለች።
«ሕ»ዋ ከተሰበረ ስድስት ዓመቷ ነው፤
ሕግን በሃሌታው በ«ህ» ነው የምጽፈው።
ሬጅስትራሩ አይቶ አንድ ቀን ሳቀና፣
«አንተ ዘንድ ሲደርስ ሕግም ይቀላል» አለና
ማኅተሙን መታ።

ለአንድ ገጽ ሠላሳ ብር፤ ካርቦን ካለው አርባ።
የማይጻፈው ግን በነጻ ነው፣ ይግባ።

አንጓች ልየው መጣች፣ ሦስት ሰዓት በእግር፣
ከዓባይ አፋፍ፣ ይዛ አረንጓዴ የመሬት ደብተር።
የባሏ ወንድም ነው ጥማድ ያስገባባት፣
ተዝካሩ ሳይወጣ ድንበር የገፋባት።
ይህ ይጻፋል፤ ጻፍሁት። በሰሜን ወንዝ፣ በምሥራቅ መንገድ፣
በደቡብ የመሪጌታ ባሕር ዛፍ፣ በምዕራብ የግራር ግንድ።
ወረቀቱን ልስብ ስል፣ ገና ጀመረች።

«ሌሊት እንቅልፍ የለኝ፤ ጎህ ሲቀድ ላሜን ሳልባት
‹ክቡር ፍርድ ቤት› እያልሁ ለሷ ነው የምነግራት።
እሷ ፊት አንደበቴ እንደ ጅረት ይወርዳል፤
ዳኛው ‹ቀጥይ› ሲሉኝ ምላሴ ይታሠራል።
ያ ሰው ደግሞ ፊት ለፊት ቆሞ ሲያየኝ ያመኛል፤
ዓይኑ የባሌ ዓይን ነው፤
ሟቹ የካደኝ ይመስለኛል።»

ጣቴ ከቁልፉ ላይ ተነሣ።
ይህ በስንተኛው ቁጥር፣ በየትኛው አንቀጽ ይገባል?
«ተከሳሽ የሟችን ዓይን ይዞ ችሎት ይቀርባል»
ተብሎ ይጻፋል?

ጀሪካን ገልብጬ ተቀመጥሁ፤ ዳኛ ሆንሁላት።
«ስምሽ? ዕድሜሽ?» ስላት
መጀመሪያ አለቀሰች። ሁለተኛ የአባቷን ስም ሳተች።
ሦስተኛው ላይ ቆቤን አየችና ሳቀች።
«ይቺ ቆብህ ለዳኛ አትሆንም» አለች።

«እንግዲህ ስሚ» አልኋት፤
«የሰውየውን ዓይን ተዪው፤ የዳኛውን ብዕር እይ።
ቃል ከጠፋብሽ ዝም በይ፤ ተንፍሺና ቀጥይ።
ጉሮሮሽ ከደረቀ ጠይቂ፤ ውሃ አይከለከልም።
የረሳሽው ካለ ‹ረሳሁ› በይ፤ መርሳት አያስከስስም።
ደግሞም ብትረቺ፣ ብትረቺ፣
እይው ይኸን ቃል፤ በጽሕፈት ሁለቱም አንድ ናቸው፤
ይቺ መኪና አትለያቸው።
‹ረ› ስትላላ ባለ መሬት ነሽ፣
‹ረ› ስትጠብቅ ባዶ እጅሽን ነሽ።
ላሟ ግን ማታ ያው ትጠብቅሻለች።
ላላ በይ፣ እቱ።»

ነገሩ ለመጋቢት ተቀጠረ፤ ከዚያ ለሚያዝያ።

በዚሁ መሐል ልጄ ፍሬው በባጃጅ
ሽማግሌ ገጨ፣ ከወፍጮ ቤቱ ደጅ።
ሰውየው ሦስት ቀን ከረሙ።
የስንቱን እንባ በመስመር ያሠለፈ ጣቴ
አንድ ፊደል ነሣኝ ለገዛ ልጄ፣ ለገዛ ቤቴ።

የኮሪደሩ አግዳሚ ቀዝቃዛ ነው።
ስንት ዓመት ከደጅ ስኖር ይህን አላወቅሁም።
የሟቹ ልጆች ወዲያ ጥግ፣ እኔ ወዲህ፤
አንገቴን አላነሣሁም።

አንድ ሰው አጠገቤ ተቀመጠ። በርበሬ በርበሬ ይሸታል።
አንጓች ናት። ቀጠሮዋ አልነበረም፤
ለገበያ ወጥታ፣ ወሬውን እዚያው ሰምታ ነው።
የመሬቱን ነገር አልጠየቅኋትም፤
የልጄን ነገር አልጠየቀችኝም።
ከመሐረቧ ሽምብራ ቆሎ እጄ ላይ ዘረገፈች፤
«ጋሼ፣ ውሃ አይከለከልም» አለች።

በሩ ተከፈተ። ልጄን ከነአባቱ ጠሩት፤
የኔም ስም ተጠራ ማለት ነው።
ስነሣ ቆሎው ተበተነ።
ጎንበስ ብላ ትለቅም ጀመር፣ አንድ፣ አንድ፣
ከዘበኛው ጫማ ሥር፣ ከሟቹ ልጆች ጫማ ሥር።
ትንሹ ልጅ እግሩን አነሣላት።