ሐሙስን በማክሰኞ

እሑድ ከጣና ዳር ቆሮሶ ገዝቼ፣
ጎመን ቀንጥሼ፣ ምስር ለቅሜ፣ በጨው ሰስቼ፣
አምስት ምሳ ዕቃ ሞላሁ፤
ከዋርድ ባመጣሁት ፕላስተር የቀን ስም ለጠፍሁ።
ረቡዕና ዓርብ የጾም። ሌላው የፍስክ።
«ይኸው፣ ጊዜን አንዴ ቀደምሁት» ብዬ ተመካሁ።

ማክሰኞ ማታ መብራት ጠፋ፤
ፍሪጁ ቃተተ፣ ዝም አለ፣ ውሃው ወለሉ ላይ ሰፋ።
«ጋሽ እንዳላማው፣ ሐሙስ ሊበላሽብኝ ነው!» አልሁት ዘበኛውን።
«ያልመጣ ቀን ደግሞ ማን አበላሸው?»
ብሎ ሳቀ፣ እጁን እየታጠበ።

በሻማ፣ ሎሚ ጨምቀን፣ እሾሁን እየለቀምን፣
ሐሙስን በማክሰኞ በላን።
«ጥሩ ቀን ነው» አለ፣ «ጨው ብቻ ያንሰዋል።»

ዛሬ ሐሙስ ነው።
ምሳ ዕቃው ታጥቦ መደርደሪያው ላይ ተደፍቷል፤
ስሙ ግን
በጥፍሬም አልለቀቀ።