ጥገኛ

ረሖቮት፣ መጋቢት፤ ብርቱካኑ አብቦ፣
የክሊኒኩን ደጅ ሽታው አጥሮት ከቦ፣
አባ ታፈረ ያስነጥሳሉ፤
አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሰባቴ፤
"ይማርዎ" ማለት ደከመው አንደበቴ።

ሥራዬ ማስተርጎም ነው፤
ሰው "ሆድ ይፍጀው" ብሎ የተወውን
በሰዓት ሒሳብ፣ ባደባባይ ቋንቋ የማወጣው።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ገና እንደመጡ፣
ክዳን ያላት ብልቃጥ ሰጧቸው።
"ምን ላድርግባት?" አሉኝ። ነገርኳቸው።
አንገታቸውን ደፉ፤
ደንቢያ ላይ ኮሶ በጠጡ ዕለት
በር ዘግተው፣ እንግዳ መልሰው፣
ጉዳቸውን ከጓሮ የሚቀብሩ ሰው፣
እዚህ ስም ተጽፎበት፣ ቁጥር ተለጥፎበት
በመስኮት አቀብሉ ተባሉ።

ውጤቱ መጣ። ዶክተር ሲጋሊት አነበበች።
ቃሉን በአማርኛ ፈልጌ ቆየሁና
"ጥገኛ" አልኳቸው፤ "ሆድዎ ውስጥ ጥገኛ አለ።"
ቀና አሉ።
"እኔም ጥገኛ ነኝ፤ ገና ቤት አልሰጡኝም።"

ሐኪሟ በብዕሯ ጀርባ ጠረጴዛ እየመታች፣
እኔ ከኋላዋ እየተከተልኩ፦
ደምዎ ውስጥ ዘበኞች አሉ፤
ባዕድ ሲያዩ ይጮሃሉ፣ ይተኩሳሉ።
ትሉ ግን አይዋጋም፣ አይሸሽም፤
በዘበኞቹ ዘዬ፣ በገዛ ቋንቋቸው
"የቤት ሰው ነኝ" ይላቸዋል።
ከመሃላቸው ጸጥታ አስከባሪዎቹን ይጠራል፤
እነሱም ይዞራሉ፦
ተዉ፣ ረጋ በሉ፣ ቤት አታፍርሱ።
እሱ ቁጭ ብሎ ይበላል።
እርስዎም ይኖራሉ፣
ግማሹ ሰላም፣ ግማሹ ደም ማነስ።

"አሃ" አሉ አባ ታፈረ፣
"ሽማግሌ ይልካል በሉኛ!"

ሳቅን። ልጃቸው ይታይሽ አልሳቀችም፤
ዘጠኝ ዓመቷ፣ ድዷ እንደ ኖራ የነጣ።
ዘበኛ አንዴ ካንቀላፋ መርጦ አይነቃም፤
ጎንደር የወጓትን ክትባት
ሰውነቷ ሰምቶት እንደሁ እንጃ።

ክኒኑን ዋጡ። አንዲት ፍሬ፣ ያለምሬት።
"ይቺ ናት? በየሁለት ወሩ ያን ሁሉ ኮሶ
ያንገፈገፉኝ በከንቱ?"
ትንሽ አሰቡና፣
"ለነገሩ ኮሶ መች አስለቀቀው፤
ኪራይ አስጨመረው እንጂ።"

ይታይሽ ጉንጯ ሞላ። ጫማ በዓመት ሁለቴ ጠበባት።
ቤትም ተሰጠ፤ ቂርያት ሞሼ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣
ከመስኮቱ ሥር ሦስት የፈረንጅ ጥዶች።
ንፋስ ሲነካቸው ቢጫ ጢስ የሚተፉ።

ዘንድሮ ደረታቸው ፉጨት ጀመረ።
ሌሊቱን ግድግዳ ተደግፈው
ትንፋሻቸውን እንደ ወደቀ ሳንቲም
በጨለማ ሲዳብሱ ያድራሉ።

"ዘበኞቹ ሥራ ፈቱ" ትላለች ሐኪሟ፤
"የሚያባብላቸው ሄዷል፣
ጠላት የለም፣ ጥይቱ አለ፤
እና በአበባ ብናኝ ላይ ይተኩሳሉ።
እንዲያ ሳይሆን አይቀርም ብለን እናስባለን።"
"እናስባለን" ያለቻትን ቃል አልዘለልኳትም።

"ታዲያ ትሉን መልሱልኝ ልበል?"
መልስ አልጠበቁም። "የለም። የይታይሽን ጉንጭ አልመልስም።"

ቡናማ መንፊያ ሰጠቻቸው፤ ተጭነው የሚስቧት።
"ይቺስ ሥራዋ ምንድነው?"
ጠየቅኩ። ሰማሁ። አቀበልኩ፦
"ዘበኞቹን ታረጋጋለች።
ተዉ፣ ረጋ በሉ፣ ቤት አታፍርሱ ትላቸዋለች።"

ዝም አሉ።
መንፊያዋን ባፋቸው ይዘው ተጫኑ፣ ሳቡ፣
በጣታቸው እስከ አሥር ቆጠሩ፣ ለቀቁ።

"እና ቋንቋውን" አሉ፣
"ከማን ነው የተማራችሁት?"

ሳልጨምር ሳልቀንስ አስተረጎምኩ።
የዶክተር ሲጋሊት ብዕር ቆመ።
የብርቱካኑ ሽታ ክፍሉን ሞልቶታል።
ተነሣች፣ መስኮቱን ዘጋችው፣
ቀጣዩን በሽተኛ ሳትጠራ
ትንሽ እዚያው ቆመች።